ቀኑ ሊያልፍ የቀረበ ስምና የገዢው ቃል

የሰው ሀብት በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው በእጅ የሚዳሰስ ነው፤ እርሻና ቤት፣ በግና በሬ፣ ባናና በርኖስ ሁሉ ከዚህ ይቈጠራል። ሁለተኛው የማይዳሰስ ነው፤ ይኸውም ስም ነው። መልካም ስም ያለው ሰው ባልሄደበት አገር ይታመናል፤ ባልታወቀበት ገበያ ይበደራል፤ ከሞተም በኋላ ለልጆቹ ጥላ ይሆናል። ጠቢቡ ሰሎሞን መልካም ስምን ከብዙ ባለጠግነት አስበልጦ ማስተማሩ፥ አባቶችም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለታቸው ስለዚህ ነው።

በዚህ ዘመን ግን አባቶች ያላወቁት ሌላ ዓይነት ስም ተገኝቷል። ይህ ስም በየዓመቱ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ዋጋው በጊዜው ካልተከፈለ ከያዘው ሰው እጅ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ በየትኛውም አገር ያለ ሰው ሊወስደው ይችላል። ይህም ዶሜይን የሚባለው፥ በኢንተርኔት ላይ የአንድ ድረ ገጽ መጠሪያና መገኛ የሚሆነው ስም ነው። ቀኑ ሊያልፍ በቀረበ ጊዜ ለባለ ስሙ ከማይታወቅ ሰው ደብዳቤ ይመጣለታል። አንዱ «ስምህን ልግዛ» ይለዋል፤ ሌላው «ስምህን የሚሻ ሰው አለና ፍጠን» ይለዋል፤ ሦስተኛው ገና በእጁ ያልገባውን የሌላ ሰው ስም «ልሽጥልህ» ይለዋል። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ባልንጀራው ሊረሳ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚያ መርሳት ሊያተርፍ ይገባዋልን? ሕግ ያልከለከለውንስ ሁሉ ኅሊና ይፈቅዳልን?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የተወለደ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ለማስተዋል ከማንም የቀረበ ነው። በዚያ አገር፥ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ፥ የርስት መሠረቱ ስም ነበረ። ባለ ርስቱ የአቅኚውን አባት ስም ጠርቶ፥ ከእርሱ እስከ ራሱ ያለውን ትውልድ ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። የአባቶቹን ስም ያልያዘ ሰው ለመከራከር አፍ አልነበረውም፤ የያዘ ግን ብዙ ዘመን በሌላ አገር ቢኖር እንኳ ተመልሶ በዳኛ ፊት ሊቆም ይችል ነበር። ርስቱም የዘር ሁሉ አደራ ስለ ነበረ እንደ በግ ገበያ አውጥተው የሚሸጡት አልነበረም። በዚያ ሥርዓት ስም መሬትን ይጠብቅ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ስሙ ራሱ ጠባቂ የሚያሻው ይዞታ ሆኗል። ርስት ባለቤቱ በመራቁ ብቻ አይጠፋም ነበር፤ ይህኛው ስም ግን በጥቂት ሳምንታት መዘንጋት ይጠፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኢንተርኔትን የስም ሥርዓት በዓለም የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት፥ ስሙን የመዘገበው ድርጅት ቀኑ ከማለፉ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ፥ ዳግመኛም አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ ካለፈም በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ለባለ ስሙ ማስታወቂያ መላክ አለበት። እንደ ዶት ኮም ባሉት ስሞች ዘንድ ቀኑ ካለፈ በኋላ መዝጋቢው ስሙን እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ አንዳንዱ መዝጋቢ ግን በዚሁ ጊዜ ውስጥ ለጨረታ ያወጣዋል። ስሙ ከተሰረዘ በኋላም የቀድሞው ባለቤት ብቻ የሚቤዥበት የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል፤ የመቤዣው ዋጋ ግን ከዓመቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። በመጨረሻ 5 ቀን ተዘግቶ ይቆይና ለቀደመ ሁሉ ይለቀቃል። ስሙ የሚያልፍበት ቀን ምስጢር አይደለም፤ ለሚጠይቅ ሁሉ ግልጥ ሆኖ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ባለቤቱ የዘነጋውን ቀን ባዕድ ሰው ቈጥሮ ሊጠብቀው ይችላል።

ኢትዮጵያዊ ባለ ስም ቀኑን የሚዘነጋው በስንፍና ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው ዶት ኢቲ በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደር ቢሆንም፥ ብዙ ማኅበራትና ነጋዴዎች የሚጠሩት በዶት ኮምና እርሱን በመሰሉ ስሞች ነው። የእነዚህ ዋጋ የሚከፈለው በውጭ ገንዘብ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የስሙም ዋጋ በብር ሲቈጠር እንዲሁ አደገ። ደግሞ የቀኑ አቈጣጠር የተለየ ነው። በ1ኛው ወር ያበቃል የሚል ማስታወቂያ የደረሰው ሰው መስከረምን ቢጠብቅ ስሙ በጥር ወር አልፎ ያገኘዋል። በዚህም ላይ፥ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ነው፤ ዘመዱ ቤት ሲለውጥ፥ ካርዱ ሲያልቅ፥ ወይም ሲታመም፥ የስሙ ነገር ከእርሱ ጋር ይታመማል።

ለምሳሌ ይሁን ዘንድ አንድ የመንዝ ተወላጆች ማኅበር ይታሰብ። ማኅበሩ በመሐል ሜዳ አጠገብ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ወንበርና መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ ይሰበስባል። የድረ ገጹን ስም ከ12 ዓመት በፊት ያስመዘገበው ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ ነበረ፤ ያስመዘገበውም በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነው። ዛሬ እርሱ ባሕር ማዶ ነው፤ የቀድሞ ኢሜይሉንም አይከፍተውም። አንድ ቀን ለማኅበሩ ጸሐፊ ደብዳቤ ይደርሳል፤ የማይታወቅ ገዢ ለስሙ 3,000 ዶላር እሰጣለሁ ይላል፤ ነገር ግን ዋጋውን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ከአንድ ገማች ቤት አስቀድማችሁ አምጡ ይላል፤ የገማቹም ክፍያ 150 ዶላር ነው። ጸሐፊው 3,000ውን ያያል፤ ለስሙ የቀሩትን 9 ቀኖች ግን አያይም። ገንዘቡን ይልካል፤ ገዢው ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል፤ ደብዳቤ ሲመላለስ ቀኑ ያልፋል፤ የመቤዣውም ጊዜ ያልቃል፤ ገዢውም ገማቹም ይሰወራሉ። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ስም የሚከፈተው ገጽ የቁማር መጫወቻ ይሆናል፤ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል። የቀድሞው መልክ ሳይለወጥ የባንኩ ሒሳብ ቍጥር ብቻ ቢለወጥስ? በዋሽንግተን ያሉ አንዲት እናት ለአገራቸው ልጆች ብለው ከደመወዛቸው የቈጠቡት ገንዘብ ወደ ሌባ ኪስ ይገባል። እናት የታመኑት በስሙ ነበር፤ የተሸነገሉትም በስሙ ነው። ይህ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የማታለል ዘዴ ሁሉ በዓለም የሚሠራበት ነው።

የሰምና ወርቅ አገር ሰው ይህን ደብዳቤ ለመፍታት ሊቸገር አይገባውም ነበር። ሰሙ ገንዘብ ልስጥህ ይላል፤ ወርቁ ገንዘብ ስጠኝ ይላል። «ሌላ ሰው ስምህን ሊያስመዘግብ ነው» የሚለው ደብዳቤ ሰሙ የወዳጅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወርቁ በድንጋጤ ብዙ የማያስፈልጉ ስሞችን ማስገዛት ነው። «የዓመቱ ክፍያ ደርሷል» የሚለው ከማይታወቅ ቤት የመጣ ደረሰኝ ሰሙ ማስታወቂያ ነው፤ ወርቁ ስሙን ከታወቀው መዝጋቢ ወደ ሌላ ማዛወር፥ ወይም በከንቱ ገንዘብ መቀበል ነው። «ለምርመራ የማዛወሪያውን ቍጥር ላክልኝ» የሚለው ደግሞ ሰም እንኳ የለውም፤ የቤትን ቁልፍ ስጠኝ ማለት ነውና። ሊያልፍ የቀረበን የሌላ ሰው ስም ልሽጥልህ የሚለውም፥ በጎረቤቱ እርሻ ላይ ገና ያልታጨደውን ገብስ እንደሚሸጥ ሰው ነው፤ ባለ ገብሱ ከመጣ ሻጩ ይሰወራል፤ ካልመጣ ደግሞ በጥቂት ዶላር የወሰደውን በብዙ ይሸጠዋል።

ያልተሰወረውና ያልዋሸው፥ ጊዜ ጠብቆ ብቻ የሚገዛውስ? ለዚህ ሰው የሚከራከር አይጠፋም። «ሕጉ ለሁሉ አንድ ነው፤ ቀኑ የተጻፈ ነው፤ ማስታወቂያውም ተልኳል፤ የተኛ ይጣ፤ የነቃ ያግኝ፤ ማንም የማይሠራበት ስም ተዘግቶ ከሚቀር የሚሠራበት ሰው ቢወስደው ለዓለም ይጠቅማል» ይላል። በዚህ ቃል ውስጥ እውነት አለ። ባለቤቱ በእርግጥ የተወው ስም እንደ ጠፍ መሬት ነው፤ ጠፍ መሬትን ያቀና ሰው አይነቀፍም። የመንዝ አባቶችም የተመሰገኑት ባቀኑት ነው እንጂ በነጠቁት አይደለም። ነገር ግን የተተወና የተረሳ አንድ አይደሉም። የተተወውን ባለቤቱ አይፈልገውም፤ የተረሳውን ቢያስታውሱት ሮጦ ያነሣዋል። ጠፍ መሬት ያገኘ ሰው «ባለቤት አለው ወይ?» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል፤ ነጣቂ ግን ባለቤቱ እንዳይነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይራመዳል። ሁለቱን የሚለያቸው ይህ ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ለዚህ ነገር ሚዛን ይገኛል። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ በገዛ ጊዜ በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ተናገረ፤ ሙሉ ዋጋውን 400 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ሰጠ። ሻጩ ማን እንደሆነ፥ ገዢው ማን እንደሆነ፥ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ያልተሰማ ነገር አልነበረም። እውነተኛ ግዢ እንዲህ ያለ ነው። የኦሪት ሕግ ደግሞ በቅጥር ከተማ ያለ ቤት የሸጠ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቤዠው እንዲችል ፈቅዷል። የዛሬው የ30 ቀን መቤዣም ከዚያ አሳብ የራቀ አይደለም፤ ሰው ሊሳሳትና ሊቸገር ስለሚችል የመመለሻ በር ይተውለት ማለት ነው። እንግዲህ ያን በር ባለቤቱ እንዳያየው የሚከልል፥ በውሸት ደብዳቤም ቀኑን የሚያስጨርሰው ሰው፥ የሕጉን ፊደል ሳይነካ የሕጉን ነፍስ ይገድላል። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በተንኰል የተደረገ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ዳሩ ግን ስምና አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ጸሐፊ በየትኛው ችሎት ይቆማል? አይካን በ1999 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው የስም ክርክር ሥርዓት በክፋት የተያዘ ስም ሊመለስ ይችላል፤ ግን በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ በአንድ ዳኛ ለማስታየት ብቻ 1,500 ዶላር ይከፈላል፤ ከሳሹም በስሙ ላይ የንግድ ምልክት መብት እንዳለው ማስረዳት አለበት። ለትንሽ ማኅበር ይህ ሩቅ መንገድ ነው። ሕግ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ የኅሊና ሥራ የሚጀመርበት ቦታ ነው።

ኅሊና በዚህ ቦታ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በታኅሣሥ ወር 1992 ዓ.ም.፥ በምዕራባውያን የልደት በዓል ዋዜማ፥ ማይክሮሶፍት የተባለው ታላቅ ኩባንያ የአንድ ስሙን የዓመት ዋጋ ሳይከፍል ዘነጋ። በዚህም ምክንያት ሆትሜይል በተባለው አገልግሎት የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ደብዳቤያቸውን መክፈት አቃታቸው። ማይክል ቼይኒ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ምክንያቱን መርምሮ አገኘ፤ ከራሱ ኪስ 35 ዶላር ከፍሎም የኩባንያውን ዕዳ ዘጋለት፤ አገልግሎቱም ተመለሰ። ኩባንያው ባለጠጋ ነበረ፤ ከፋዩ ግን ተራ ሰው ነበረ። ሌላ ሰው ያንኑ ቀን አይቶ ምን ያህል ወርቅ አገኝበታለሁ ብሎ ባሰበ ነበር፤ እርሱ ግን በሩ ተከፍቶ ያገኘውን የጎረቤቱን ቤት ዘግቶ ሄደ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ሚዛን አጭር ነው፤ የሌላውን መርሳት ያወቀ ሰው መጀመሪያ የሚገባው ማስታወስ ነው። «ቀንህ ሊያልፍ ነው፤ የማትፈልገው ከሆነ እኔ እገዛሃለሁ» የሚል ሰው ሐቀኛ ገዢ ነው። የመጀመሪያውን ቃል ውጦ ሁለተኛውን ብቻ የሚናገር ግን ዝምታውን በዋጋ የሚሸጥ ነው።

ነገሩ በገዢው ብቻ አያበቃም፤ ባለ ስሙም ይመረመራል። የውሸቱ ገዢ ኃይል ያገኘው ከባለ ስሙ ምኞት ነው፤ 12 ዶላር የማያወጣው ስም 3,000 ዶላር ያወጣል ሲባል ደስ ያለው ልብ ባይኖር የገማቹ ወረቀት ገዢ ባላገኘ ነበር። ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ መለወጡ የተነቀፈበት፥ ስለ ተራበ ሳይሆን ያለውን ስለ ናቀ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ስሙ የማን ነው? በምሳሌው ያለው ጸሐፊ የውሸት ሳይሆን የእውነት ገዢ መጥቶ 3,000 ዶላር በእጁ ቢቈጥርለት እንኳ ሊሸጥ ይችል ነበርን? ናቡቴ ለንጉሥ አክዓብ የወይኑን ቦታ የከለከለው ዋጋው አንሶት አልነበረም፤ ንጉሡ የተሻለ ቦታ ወይም ሙሉ ዋጋውን ሊሰጠው ነበር። የከለከለው የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ ነው። ኤልዛቤልም ቦታውን ያገኘችው በንጉሡ ስም የሐሰት ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አትማ ነበር፤ በሰው ስም የሚሠራ ተንኰል እንግዲህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የማኅበር ስምም እንዲሁ በመዝገብ የአንድ ሰው ይምሰል እንጂ በእውነቱ የብዙዎች አደራ ነው። ስሙን ያስከበረው የብዙ ሰው ቸርነት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም፤ አንዱም ብቻውን ሊረሳው አይገባውም። አደራ በላ የሚባለው አደራውን የሸጠ ብቻ ሳይሆን እስኪጠፋ ድረስ ችላ ያለውም ነው።

ለዚህ መድኀኒቱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ደጋ፥ ሣሩ ለቤት ክዳን የሚሆን፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሰፊ መሬት፥ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ ኖሯል። ያ ሥርዓት ከአቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ ወገን የሆኑት ሰዎች በጋራ የሚጠብቁት ነበር፤ ኃላፊው የታወቀ ነበር፤ መሬቱ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የሚከፈትበትም ጊዜ የጋራ ጉዳይ ነበር። ጓሳ የተጠበቀው አንድ ሰው ብልህ ስለ ነበረ አይደለም፤ ጥበቃው በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ስላልተንጠለጠለ ነው። የማኅበር ወይም የደብር ስምም እንዲሁ ቢጠበቅ ይበጃል። ስሙ በግለሰብ ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉንና የሚያልፍበትን ቀን ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሰዎች ይወቁት፤ ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር ተጽፎ ከዓመቱ ሒሳብ ጋር በጉባኤ ይነበብ፤ ከተቻለም ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ ይከፈል። የግዢ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ደግሞ መልስ ከመጻፍ አስቀድሞ የስሙን ቀን ማየትና ዋጋውን ለታወቀው መዝጋቢ መክፈል ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ገዢው እውነተኛ ከሆነ ይጠብቃል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ይጠፋል። ገዢው የገማች ወረቀት ወይም የማዛወሪያ ቍጥር አስቀድሞ ቢጠይቅ አይሰጠው፤ ሽያጭ በእርግጥ ቢያስፈልግም ማኅበሩ ተሰብስቦ ይወስን፤ ገንዘቡንም ሁለቱ ወገኖች ያመኑት ሦስተኛ ወገን እንደ ዋስ ሆኖ በመካከል ይያዘው።

ጥበብ ሁሉ ሁለት መልክ አለው፤ ኢንተርኔት የደጋውን ልጅ ባሕር ማዶ ካለው ወንድሙ ጋር እንዳገናኘ፥ በአንድ ሰው መዘንጋትና በሌላው መዘንጋት መካከልም ሌባን አስገብቷል። ይሁን እንጂ ለቀደመው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአዲሱ ጥበብ አልተለወጠም። የተረሳ ነገር ያገኘ ሰው ባለቤቱን ይጥራ፤ ባለቤቱ ካልፈለገው በግልጥ ይግዛው፤ አደራ የያዘም ሰው ብቻውን አይሽጥ፥ ብቻውንም አይጠብቅ። የዚህ ዓለም ስም ዓመት እየተቈጠረ ይታደሳል፤ በሰማይ መዝገብ የሚጻፈው ስም ግን ኪራይ አይከፈልበትም፤ በዚያ መዝገብ የሚፈለገው፥ በምድር ሳለ የሌላውን ስም እንደ ራሱ የጠበቀ ሰው ነው።